ከወንፈል ያወጡት ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ስሙን አልነግርህም። ብነግርህ ነገ በጠዋት ቤቱ ድረስ ሄደህ ልታጽናናው ነው፤ እሱ ደግሞ መጽናናት በቅቶታል።

ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል? ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ጤና ጣቢያው አማካሪ አድርጎ ከቀጠረህ ወዲህ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች ትመክራለህ፣ ቤታቸው ድረስ እየሄድክ ትጠይቃለህ፣ እህልና ዘይት ታስመጣላቸዋለህ። አሁን አንዲቱ ሴት መድኃኒቷን መውሰድ ተወች፣ በሯንም ዘጋችብህ። ስሟን አለመንገርህ ደግ ነው፤ እንዳትነግረኝም። «አክስቴ፣ ያልሰጠናት ምን ቀረ? ምን ዓይነት ቃል ብናገር ትመለስልኛለች?» ነው ያልከኝ። እንዲህ ያለ ቃል እኔ ዘንድ የለም። እኔ የማውቀው ይህን ገበሬ ነው፤ አሁን አፍህን ያዝና ስማኝ።

ገበሬው ደህና አራሽ ነበር። ትልሙ ቀጥ ያለ፣ በሬ በከንቱ የማይገርፍ ሰው ነው። ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነበረው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና አንድ በሬ ካላት ከጎረቤቱ፣ ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ይቀናጁ ነበር። የእሷንም የእሱንም መሬት የሚያርሰው እሱ ነው፤ እሷ ደግሞ ልጆቿን አሰልፋ የሁለቱንም አረም ታርማለች። ከዚያ ሌላ በሰፈሩ ወንፈል ውስጥ ገብቷል። ወንፈል መቼም የከተማ ልጅ ብትሆንም አይጠፋህም፤ ዛሬ ያንተን ካረስን ነገ የኔን፣ ከነገ ወዲያ የእገሌን ነው። ማንም ለማንም ምስጋና የለበትም፤ ተራ ነው። ደቦ ሌላ ነው። ደቦ ተጠርተህ ትወጣለህ፣ መልስልኝ አትልም፤ ለአሮጌው፣ ለታማሚው፣ ለአቅመ ደካማው የሚወጣውም እሱ ነው።

የገበሬው ሚስት ታመመችና ሞተች። እሱም እየከሳ ሲሄድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ወርዶ ተመረመረ፤ ኤች አይ ቪ ተገኘበት። መድኃኒት ጀመረ። እየዋለ እያደረ ሥጋው ተመለሰ፣ ጉንጩ ሞላ፣ ከዳገት በታች ሆኖ ሲጣራ ዳገት ላይ ይሰማ የነበረው ድምፁም ተመለሰ። ሐኪሞቹ «መድኃኒትህን ካላቋረጥክ እንደማንም ሰው ትሠራለህ፣ እንደማንም ሰው ታረጃለህ» አሉት። ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት፣ በማኅበራቸው ቀን ጠበል ጠዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ቆሞ ለጎረቤቶቹ ተናገረ። «ይህ ነገር በደሜ አለ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ደህና ነኝም። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከኔ ስሙት ብዬ ነው» አላቸው።

ጎረቤቶቹ ክፉዎች ቢሆኑ ይሻለው ነበር። ክፉ ሰው ከመጣብህ ትሸሸዋለህ፣ ወይም የልብህን ትነግረዋለህ። እነሱ ግን ደጎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን እንዳንተ ያለ አንድ ደግ አማካሪ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ሰብስቦ «አታግልሏቸው፣ ተንከባከቧቸው» ብሎ አስተምሯቸዋል። ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ገብቷቸዋል። ገበሬው ተናግሮ ሲጨርስ አለቀሱ፣ አቀፉት፣ ጽዋውንም ከእሱ ቀጥለው ጠጡ። እስከዚህ ድረስ ማን ምን ይላቸዋል? ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

የሰኔ ዝናብ ጣለ። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን አሰናድቶ፣ ማረሻውን አሹሎ፣ ዳልቻን እየነዳ ለወንፈሉ ማልዶ ወጣ። ጓደኞቹ ገና ሲያዩት እርፉን ከእጁ ወሰዱበት። «አንተማ አረፍ በል» አሉት። ዛፍ ሥር ቁርበት አነጠፉለት፣ ጠላ ቀዱለት። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ሌሎች ሲያርሱ እያየ ዋለ። በማግስቱም እንዲሁ። የእሱ ተራ ሲደርስ ጥማዳቸውን ይዘው መጥተው መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ገለበጡለት፤ እሱን ግን ወደ ማንም እርሻ የሚጠራው ጠፋ። «እኔስ መቼ ልመልስ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ሳቁ። «አንተን ማን መልስ አለህ? አንተ ብቻ ኑርልን» አሉት። ማንም ፊት ለፊት ሳይነግረው ከወንፈል ወጥቶ ደቦ የሚወጣለት ሰው ሆነ።

ኑርልን! ሰው ቁርበት ላይ ቁጭ ብሎ ምኑን ይኖረዋል? እንደ አሮጌ አንኮላ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው?

ቀጥሎ የማኅበሩ ተራ ደረሰው። ጌሾውን ከገበያ ገዝቶ፣ ጠላውን የምትጠምቅለት ዘመድ ለምኖ፣ ደጁን ጠርጎ ሲጠባበቅ «አንተ አትልፋ፣ እኛው እንደግሳለን» ብለው ዘለሉት። ጌሾው ጓዳ ውስጥ ተቀመጠ። ይህንንም ዋጠው። ለደግነት መልሱ ምንድን ነው? «እግዜር ይስጥልኝ» ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ ሲል ዋለ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሲል ሰነበተ፤ ኋላ ኋላ አፉ ራሱ ሰለቸው።

ከታች በኩል መሬቱ የሚዋሰነው አንድ ባላንጣ ነበረው። አንድ ክንድ በማትሞላ ድንበር ለዓመታት ተነታርከዋል፣ ያላስቀመጡት ሽማግሌ የለም። ያ ሰውዬ በየክረምቱ የድንበሩን ድንጋይ ገፋ ያደርጋል፣ ገበሬው መልሶ ይገፋል፤ ይሰዳደባሉ፣ በፋሲካ ይታረቃሉ፣ በሰኔ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። በዚያ ክረምት ባላንጣው ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ድንበሩን ትቼልሃለሁ። እንደዚህ ሆነህ ካንተ ጋር መጣላት ኃጢአት ነው» አለው። ገበሬው ወደ ጓሮ ዞሮ አለቀሰ። ያዩት ሁሉ የደስታ እንባ መሰላቸው። «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» እያሉ በመንደሩ አወሩለት።

በወሩ መድኃኒቱን ሊቀበል ጤና ጣቢያ ወረደ። አማካሪው «ያገለለህ ሰው አለ? የሰደበህ፣ የናቀህ አለ?» ብሎ ጠየቀው። ገበሬው የሆዱን ሊያጫውተው አሰበ። ግን «የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ» ተብሎ እንዴት ይነገራል? እንደ ጥጋብ ይቆጠርበታል። «ኧረ የለም፣ ሁሉም ይወደኛል» አለ። አማካሪው በጣም ደስ አለው። «አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም» ብሎ በር ድረስ ሸኘው። ዓይንህን አታፍጥብኝ፤ አንተ ነህ አላልኩም።

ከወንዝ ማዶ አንድ አብሮ አደግ ነበረው፤ አንድ ዘመን ያገቡ፣ ገበሬው ለልጁ ክርስትና የተነሣለት። በዚያው ክረምት ያ ሰው በድንገት ሞተ። መንደሩ ሰማ፤ ገበሬው ግን እንዳይሰማ ተማከሩ። የኛን ነገር ታውቀዋለህ፣ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ወንዙን ተሻግረው መቃብር ቆፈሩ፣ ቃሬዛ ተሸከሙ፣ አልቅሰው ቀበሩ፤ ሲመለሱ ፊታቸውን ወንዝ ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በደጁ እየሳቁ አለፉ። ገበሬው የሰማው ገበያ ላይ ከማያውቀው ሰው ነው፤ ሰልስቱ ካለፈ ቆይቷል። ሲጠይቃቸው «ልብህ እንዳይሰበር ብለን ነው» አሉት።

ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባው። ሥራ የማይጠየቅ፣ ድግስ የማይጠበቅበት፣ የማይጣሉት፣ ለለቅሶ የማይጠሩት ሰው ማን ነው? የሞተ ሰው ነው። ደጎቹ ጎረቤቶቹ የቁም ተዝካሩን እያወጡለት ኖሯል። መድኃኒቱን አየው። «ለማን ብዬ?» አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋጥ ተወ። አልጣለውም፣ አልረገመውም፤ ዝም ብሎ ተወው። ባለማወቅ እንዳይመስልህ። ሲቋረጥ በሽታው እንደሚያገረሽ ተነግሮታል፤ ሚስቱንም በእጁ ቀብሯል። አውቆ ነው።

በሩ መዘጋቱን ሲያዩ ጎረቤቶቹ ምን ያደረጉ ይመስልሃል? ተጨማሪ ምግብ አመጡ። አንዱ ወጥ፣ አንዱ ድፎ ዳቦ፣ አንዱ እርጎ። በየተራ አልጋው አጠገብ እየተቀመጡ ከእሱ የባሰ የደረሰበትን ሰው ሁሉ ታሪክ አወሩለት። «ይኸውልህ፣ እገሌ እንኳ በዚያ ሁሉ መከራ ቻለው» ይሉታል። እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። ሲወጡ «ዛሬ ትንሽ ፈካ አለ» ይባባላሉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፤ መድኃኒትም ግን ልክ አለው። የእህቴ ልጅ፣ ይህን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር እዚህ ላይ ስደርስ እንዲህ ያንገበግበኛል።

አንድ ማለዳ በሩ ተደበደበ። እንደ ጠያቂ አይደለም፤ ሊሰብሩት እንደሚፈልጉ ነው የተደበደበው። መቀናጆው ናት፣ ባሏ የሞተባት ሴት። ጎረቤቶቿ «እሱን እንዳትነኪው፤ ያንቺንም እኛ እናርስልሻለን» ብለዋት እሺ ብላ ጠብቃ ነበር። ክረምቱ ሲገፋ ግን ሁሉም ወደየራሱ መሬት ሮጠ፤ ቃል የገባው ሁሉ ነገ፣ ነገ አላት። በሬዋ ያለ ጓድ ቆሟል፣ የጤፍ መዝሪያው እያለፈ ነው፣ ልጆቿ አፍ ከፍተው የሚጠብቁት ያንኑ መሬት ነው። አዛኝ ሴት ነበረች ብዬ አልዋሽህም። ምላሷ ሰፈሩን ሁሉ ያስለቀሰ ሴት ናት።

«ሰውዬ፣ ውጣ!» አለች። «መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው!»

«አሞኛል» አለ ከውስጥ።

«ምንህን? እግርህን ነው? እጅህን ነው?»

«ልቤን» አለ።

«በልብህ አይደለም የምታርሰው!» አለችው። «ዳልቻ ቆሞ ይበላል፣ የኔውም ቆሞ ይበላል፣ አንተም ተኝተህ ትበላለህ፤ የኔን ልጆች የሚያበላቸው ማን ነው? አምና ጤፍህ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ወገቤ የተቆረጠው ለጽድቅ መሰለህ? ያረምኩልህን እረስልኝ!»

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች እየሮጡ መጡ። «ምነው አንቺ፣ እግዜርን አትፈሪም? በታመመ ሰው ላይ?» ብለው ክንዷን ይዘው ይጎትቷት ጀመር። እሷም ትታገላቸዋለች። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ገበሬው ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

«ልቀቋት» አለ። «እውነቷን ነው። አለብኝ።»

አንዱ ቀንበሩን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ገበሬው እጁን መልሶ አወረደበትና ሁለቱን በሬዎች እየነዳ ወደ እርሻው ወረደ። ተኝቶ ሰንብቷልና ጉልበቱ ከዳው፤ የመጀመሪያው ትልም ጠመመ። ሴትየዋ ከዳር ቆማ «ይህ ምንድን ነው? እባብ ነው የሄደበት?» አለች። ገበሬው ተናደደ። ከስንት ጊዜ በኋላ! «እርፉን እንቺና አንቺ አቅኚው እንግዲያ!» ብሎ ጮኸባት፤ ድምፁ ዳገት ላይ ተሰማ። ሁለተኛው ትልም ቀና። ሲደክመው በሬዎቹን አቁሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቁርበት ያነጠፈለት የለም፤ እሷም ጓሏን እየከሰከሰች ነው፣ ቀና ብላም አላየችው። ትንፋሹ ሲመለስ ተነሥቶ ጠመደ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ግማሹ ታርሶ ግማሹ ለነገ ቀረ።

በሬዎቹን ሲፈታ «መድኃኒትህን ትውጣለህ አይደል?» አለችው። አማካሪ እንደሚጠይቀው አይደለም፤ በሬው ውሃ ጠጣ ወይ እንደሚባለው ነው የጠየቀችው። ለዚህ ይሆናል እውነቱ ያመለጠው። «ትቼዋለሁ» አለ። ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ለእሷ ተናገረ።

«ተውክ?» ብላ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ልትወድቅብኝ ነዋ! ማን ሊዘራልኝ ነው? አጨዳውንስ? የመጪው ዓመትስ እርሻ? ነገ ጎሕ ሲቀድ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ አቋርጬ ነበር በላቸው፣ ያዘዙህን ዋጥ፣ ከዚያ መጥተህ ጥመድ። ብትቀር እዚያው ድረስ መጥቼ በሰው ፊት ነው የማዋርድህ።»

የመጪው ዓመት አለችው። ሰው ስለ መጪው ዓመት ካነጋገረው ስንት ጊዜው ነበር! በማግስቱ ሄደ። የጤና ጣቢያው ሰዎች ተቆጡት፣ ደሙን መረመሩት፣ መድኃኒቱን እንደገና አስጀመሩት። ከሰዓት በኋላ እርሻው ላይ ነበር፤ እሷም ዘገየህ ብላ ስትሰድበው ነበር። መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ጤፉ ተዘራ። በቀጣዩ ክረምት ወንፈል ላይ ቀድሞ ደረሰ፣ እርፉን አልሰጥም አለ፤ ጎረቤቶቹም ቀስ እያሉ ለመዱት። ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። አላገባችውም። እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ፤ እስከ ዛሬም መድኃኒቱን ይውጣል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ገበሬው ማን እንደሆነ ገብቶሃል፤ በር የዘጋችብህ ሴት ናት። ደጎቹ ጎረቤቶች ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ አንተና መሥሪያ ቤትህ። እህል ሰጠናት፣ ዘይት ሰጠናት፣ ምክር ሰጠናት ትለኛለህ። ከእሷስ ምን ተቀበላችሁ? ንገረኝ እንጂ፣ ከእሷ ምን ተቀበላችሁ?

እህሉ ይቅር አላልኩም። የታመመ ይረፍ፣ የደከመ ይታገዝ፤ ያቺም ሴት ሰውየው ሲደክመው አንሥታ አላስሮጠችውም። የማይችሉትን አሸክሟቸው አይደለም የምልህ፤ የሚችሉትን አትንጠቋቸው ነው። ሰው የሚቆመው የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው።

ሥራዋ ምን ነበር? ስሟን አይደለም የጠየቅሁህ፣ ሥራዋን ነው። ልብስ ሰፊ? በዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፣ ማንንም አልጠረጥርም። አሁንስ ትሰፋለች? አረፍ በይ ብላችሁ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣዋለች? አረፍ በይ አላችኋት! እኔ ምን ልበላችሁ?

በል ተነሣ። ዙር እስቲ፤ ይኸው ሱሪህ ከኋላ ተተርትሯል፣ እንደዚህ ሆነህ ነው ሰው ስትመክር የምትውል። እሱን ይዘህላት ሂድ። ዘይት አትያዝ፣ ምክርም አትያዝ። ለቅዳሜ አድርሽልኝ በላት፣ ዋጋውን ተከራከራት፣ ስፌቷ ከጠመመ አስፈትተህ አሰፋት። ስለ መድኃኒቷ የዚያን ጊዜ ብትጠይቃት ትመልስልህ ይሆናል። ቅዳሜ ሄደህ ሱሪው ካልደረሰ ደግሞ እንዳትራራላት። ተቆጣት፤ የምትኖር ሰው ናት።